ለቅሶ የተቀመጠባት መንኮራኩር

ሙንተሲር የመጀመሪያዋን መንኮራኩር ሠርቶ የጨረሰ ዕለት፣ በአጥሩ በኩል ወደ ገበያ የሚያልፉ ሴቶች ቆም ብለው እልል አሉ።

እልልታው በራሱ ባልከፋ። ችግሩ መንኮራኩሯ ወደ ማርስ የምትሄድ እንጂ ሙሽራ የምትጠብቅ አለመሆኗ ነው። ሙንተሲር ግን ሌላ ሙያ አያውቅም። ሪያድ ጥቂት ዓመት የጂብሰም ሥራ ሠርቶ ወደ ሐይቅ ከተማ ከተመለሰ ወዲህ የሚታወቀው በሠርግ ዲኮር ነው። ከሐይቅ እስከ ውጫሌ ባለው መንገድ እሱ በሠራው ዙፋን ላይ ያልተቀመጠች ሙሽራ ብትኖር፣ ወይ ተጠልፋ ነው ወይ ቤተሰቧ ሳቲኑን ከምትሰፋለት ከእህቱ ከረቢያ ጋር ተጣልቷል።

«መንኮራኩር ሥራልኝ» ያለው ምንይችል ነው። ምንይችል አብሮት የተማረ ልጅ ነው፤ እሱ ትምህርቱን ገፍቶ ደሴ ቴአትር አጥንቷል። አሁን ከደሴ ለሚሰራጭ አንድ ትንሽ ቴሌቪዥን ጣቢያ «የማርስ መንገደኞች» የሚል ተከታታይ ድራማ ጽፎ ራሱ ሊያዘጋጀው ተነስቷል። በድራማው ውስጥ «አምባሰል» የተባለች መንኮራኩር የሐይቅ ልጆችን አሳፍራ ከምድር ትወጣለች። በሰፈሩ እንዲህ ያለ ድራማ ቀርቶ ወሬውም ብርቅ ነበር። ሰው ሁሉ ድራማ ማለት አማትና ምራት የሚጣሉበት ነገር ነው ብሎ ስለሚያውቅ፣ «ማርስ ላይ አማት አለች ወይ?» ብሎ የጠየቀም ነበር።

ምንይችል ካፒቴኗን ከምትጫወተው ከመቅዲ ጋር ሆኖ መጥቶ የመጀመሪያዋን መንኮራኩር ዞሮ ዞሮ አያት። ነጭ ሳቲን ከጣሪያ እስከ መሬት ወርዷል። የጂብሰም አበባ በየጥጉ አለ። ትንንሽ መብራቶች ብልጭ ድርግም ይላሉ። መሀል ላይ የካፒቴኗ ወንበር፣ ክንዱ ወርቅማ።

«ሙሽራውስ?» አለ ምንይችል።

መቅዲ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብላ እግሯን አነባበረች። «እኔ ካፒቴን ነኝ ወይስ ሚዜ እየጠበቅሁ ነው?»

ሙንተሲር ወደ ማብሪያ ማጥፊያው ተራመደ። «መብራቱ እኮ ይቀየራል። ቀይ ላደርገው እችላለሁ።»

«ቀይ ካደረግኸው ደግሞ ሙሽራዋ ቀይ የምትወድ የባቲ ልጅ ናት ይላሉ» አለ ምንይችል። ከዚያ ቀልዱን ትቶ ወደ ጎን ወሰደው። «ስማኝ ሙንቴ። ጣቢያው ከአዲስ አበባ ባለሙያ እናምጣ ሲል እኔ ‹አይሆንም፣ እኛ ጋ ሰው አለ› ብዬ ተሟግቻለሁ። የፊታችን ሳይሆን የሚቀጥለው ሐሙስ ካሜራ ይመጣል። ያን ቀን እዚህ ገብቼ አሁንም ሠርግ ከሸተተኝ፣ ለአዲስ አበባው ሰውዬ እደውልለታለሁ። ወላሂ ሳልወድ ነው።»

ምንይችል ክርስቲያን ነው፤ ወላሂ ያለው ነገሩ የምር መሆኑን ለማስረዳት ነው። ሙንተሲርም ገባው።

ለማንም ያልነገረው አንድ ነገር ነበር። የሠርግ ዲኮር ዕድሜው አንድ ቀን ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሰቅለህ፣ ለጥፈህ፣ አብርተህ፣ በማግስቱ ጠዋት ሽንኩርት የተጣበቀበትን ሳቲን እየጠቀለልህ ታነሳለህ። ፎቶውን የሚያይ ሁሉ ሙሽራዋን እንጂ የተቀመጠችበትን ማን እንደሠራው አይጠይቅም። በቴሌቪዥን ግን ድራማው ሲያልቅ ስም ከታች ወደ ላይ ይወጣል። ሙንተሲር ስሙ ሲወጣ በዓይነ ኅሊናው አይቶታል። አንዳንዴ ከምንይችል ስም በታች፣ አንዳንዴ ደግሞ፣ ማን ይከለክለዋል፣ ከላይ።

ስለዚህ ሳቲኑን ነቅሎ ጣለና ሌላ ነገር ፍለጋ ዓይኑን አሠማራ። ዓይኑም ሩቅ አልሄደም። የሥራ ቤቱ ጎረቤት የቅሬው ዕቃ ቤት ነው። ቅሬው እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ የሚቀባበርበት የሰፈር ማኅበር ሲሆን፣ ድንኳኑን፣ አግዳሚ ወንበሩንና ድስቱን እዚያ ያስቀምጣል። ድንኳኑ እንደ ቀስት የጎበጡ የብረት ቋሚዎች አሉት። ሸራው ሲለብስና ከውስጥ ሆነው ሲያዩት የትልቅ ዓሣ ሆድ ይመስላል። ሙንተሲር በስንት ለቅሶ እዚያ ውስጥ ቆሞ ንፍሮ ሲያዞር ኖሮ፣ መንኮራኩር መሆኑን እስከዛሬ ልብ አላለም ነበር።

የቅሬው ዳኛ ወደሆኑት ወደ ጋሽ ዋለ ሄደ።

«ድንኳኑን? ለምንህ?» አሉ ጋሽ ዋለ።

«ማርስ ለመሄድ ነው ጋሼ።»

«መቼ ትመለሳላችሁ?»

«ሐሙስ ተቀርጾ አርብ ጠዋት ድንኳኑ ቤቱ ነው።»

«እስከዚያ ሰው ቢሞትስ?»

«በአንድ ሰዓት ውስጥ አፍርሼ አስረክባለሁ።»

«በግማሽ ሰዓት» አሉ ጋሽ ዋለ። «ሬሳ ማርስ ድረስ አይጠብቅህም። እንዳይቀደድ። እንዳይቆሽሽ። በል ውሰድ።»

ሙንተሲር ድንኳኑን በጓሮው ተከለው። ከውስጥ ፎይል ሊለጥፍበት ነው ያሰበው። ፎይሉን በክር ብቻ ቢያስረው ይጨማደዳል፤ ቢጨማደድ ደግሞ የተጠቀለለ ዳቦ ይመስላል። ማጣበቅ አለበት። ያለው ኮላ ከሪያድ ያመጣው ነው፤ እዚያ እብነ በረድ የሚጣበቅበት። አንዴ ከያዘ አይለቅም። ይህን ሲያስብ የጋሽ ዋለ ድምፅ ጆሮው ላይ ጮኸ። ሙንተሲርም እንዲህ ሲል ከራሱ ጋር ተማከረ፦ እስከ ሐሙስ ማንም ካልሞተ፣ ከሐሙስ በኋላ በቀስታ ተልጦ፣ ታጥቦ፣ ማን ያውቃል?

ታዲያ ማንም እንደማይሞት ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

በማግስቱ ጠዋት ብርቱካን ገዝቶ በሰፈሩ ሽማግሌዎች ቤት ዞረ። ረቢያ ልብስ መስፊያዋ ላይ ሆና አየችው።

«አንተ! ሽማግሌ መጠየቅ የጀመርከው ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ሰው ሰውን አይጠይቅም እንዴ?»

«አንተ እንኳን ሽማግሌ እኔንም ጠይቀህ አታውቅ። ምን ሠርተህ ነው?»

መልስ ሳይሰጣት ሄደ። እማማ ዑምኩልሱም ከሰፈሩ ሁሉ ያረጁ ናቸው፤ ከእሳቸው ጀመረ።

«ጤናዎ እንዴት ነው እማማ?»

«አልሀምዱሊላህ። ስኳሬ ትንሽ ከፍ ብሏል።»

ሙንተሲር ደነገጠ። «በጣም ነው? ሐኪሙ ምን አለ?»

«ይወርዳል ብሏል።»

«እስከ ሐሙስ ግን ደህና ይሆናሉ አይደል?»

እማማ ዑምኩልሱም ብርቱካኑን መላጥ ትተው ቀና ብለው አዩት። «ሐሙስ ምን አለ?»

«አይ፣ ምንም። እንዲያው ለጠቅላላው።»

«አንተ ልጅ፣ ልትቀብረኝ ካልሆነ እንግዲያው ሎሚ አምጣልኝ። ብርቱካን ለስኳር አይሆንም።»

እንዲህ እንዲህ እያለ ሰፈሩን ጨረሰ። አንዱ ወገቡን፣ አንዱ ጉልበቱን ከማማረሩ በስተቀር ሁሉም እስከ ሐሙስ የሚያደርስ ትንፋሽ እንዳለው አረጋገጠ። አያ ሽታውን ብቻ አልጠየቀም። አያ ሽታውን ስለ ጤናቸው የሚጠይቅ ሰው አልነበረም። ሽበታሙ ዓሣ አጥማጅ በየማለዳው ከሐይቁ ወጥተው እርጥብ መረባቸውን በትከሻቸው ጥለው ዳገቱን ሲወጡ፣ ጎረምሶች ከኋላቸው ያለከልካሉ። ደግሞም እሑድ ከሰዓት በኋላ እሳቸው ራሳቸው መጡ።

«ጀልባህ ይህች ናት አሉ» አሉ አያ ሽታው፣ በድንኳኑ በር ጎንበስ ብለው ገብተው።

«መንኮራኩር ናት አያ።»

ውስጡን አዩት። ፎይሉ ከዳር እስከ ዳር ተለጥፎ ያብረቀርቃል። የእንቁላል ካርቶን ብርማ ቀለም ተቀብቶ ግድግዳ ሆኗል። በለስላሳ ቆርኪ የተሠሩ ቀይና አረንጓዴ ቁልፎች መሪ ባለው ሰሌዳ ላይ ተደርድረዋል። አንዱን ጫን አሉት። ምንም አልሆነም።

«ነዳጅ የላትም እንዴ?»

«በካሜራ ነው የምትሄደው።»

«እኔንም ይዘኸኝ ሂድ እንጂ። ዘንድሮ ሐይቁ ዓሣ ነፍጎናል፤ ወደዚያ ማዶ ሳይሻል አይቀርም።»

«አብሽር አያ፣ ቦታ ሞልቷል። ፊት ወንበር አለዎት።»

አያ ሽታው እየሳቁ ወጡ። እሑድ ማታ ሙንተሲር የመጨረሻዋን ቆርኪ ለጠፈና ከበሩ ቆሞ ሥራውን አየ። ሠርግ አልመሰለውም። ግን ምን እንደሚመስለው ቢጠየቅ እሱም አያውቅም። አዲስ ፍሪጅ ከፍቶ ወደ ውስጥ እንደማየት ነበር። የሆነ ነገር ይጎድለዋል። ምን እንደሆነ ሳይገባው ተኛ።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ የቅሬው ጠሪ ጥሩንባውን ነፋ። ሙንተሲር ከአልጋው ሳይወርድ እማማ ዑምኩልሱምን አሰበ፤ ከዚያ ያንን የጉልበቱን ሰውዬ። ረቢያ በሩን ከፈተች።

«አያ ሽታው ናቸው» አለች። «ጀልባቸውን ሊያወጡ ጎንበስ እንዳሉ ቀሩ አሉ።»

ሙንተሲር ከአልጋው ወረደ። ትናንት የነኳት ቁልፍ ትዝ አለችው። ቀጥሎ ደግሞ፣ ይቅር ይበለውና፣ ድንኳኑ ትዝ አለው።

ጋሽ ዋለ ከቅሬው ጎረምሶች ጋር ሲደርሱ ሙንተሲር ፎይሉን በሁለት እጁ ይዞ ይስባል። የሪያዱ ኮላ ሥራውን ሠርቷል፤ ፎይሉ ሲነሳ ሸራውን ይዞ ይነሳል። ጋሽ ዋለ ውስጡን ዞረው አዩት።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«መንኮራኩር ነው ጋሼ።»

«ድንኳኔስ?»

«እሱም ነው።»

«ገልብጠን እንትከለው» አለ አንዱ ጎረምሳ። «ብርማው ወደ ውጭ ይሁን።»

«መርሳ ድረስ ሊያንጸባርቅ!» ጮኹ ጋሽ ዋለ። «ጉድ ከሆነ አይቀር ጉዱ ውስጥ ይሁን። ንቀሉት! ቋሚውን ያዝ አንተ! ስለዚህ ነገር ከሠልስቱ በኋላ ቅሬው ይሰበሰባል፤ ሙንተሲር፣ ያን ቀን ብርቱካን ይዘህ እንዳትመጣ።»

ድንኳኑ በአያ ሽታው ግቢ ተተከለ። የቁልፎቹን ሰሌዳ ለመፍታት ጊዜ አልነበረም፤ ከብረቱ ጋር ስለታሰረ እንዳለ ተጫነ። ከውጭ ሲያዩት ያው አረንጓዴ የቅሬ ድንኳን ነው። ሰው ከቀብር ተመልሶ ሲገባ ነው ነገሩ የመጣው። ፊት የገቡት አንገታቸውን ደፍተው ስለነበር ወንበር ይዘው ተቀመጡ። ከዚያ ቀና አሉ። አንዱ ሌላውን በክርኑ ነካ። አንድ ሕፃን «ኮከብ!» አለ፤ እናቱ አፉን ያዘችው።

ሙንተሲር የእጅ ማስታጠቢያውን ይዞ በሩ አጠገብ ቆሟል። መሬት ተከፍታ ብትውጠው ጎበዝ መሬት ናት ይላት ነበር። የአያ ሽታው ባለቤት እትየ ስህን በሁለት ሴቶች ተደግፈው ገቡ። ነጠላቸውን እንደ ሐዘንተኛ ዘቅዝቀው ለብሰዋል። መሀል ሲደርሱ ቆሙ። ጣሪያውን፣ ግድግዳውን፣ ቆርኪዎቹን በቀስታ አዩ። ሰው ትንፋሹን ያዘ።

«ሙንተሲር የት አለ?»

ቀረበ። «አላህ ያጥናዎት እትየ።»

«ሽታው ይዘኸኝ ሂድ አለኝ ብሎ ነግሮኝ ነበር። ሌሊቱን ሲስቅ አደረ። ምን አልከው?»

«ቦታ አለ አልኋቸው። ፊት ወንበር።»

እትየ ስህን ደግመው ጣሪያውን አዩ። «እንግዲያው ሰው በቀጠሮው ሄደ» አሉና ተቀመጡ። ያኔ ነው ለቅሶው የወጣው። የያዙት ትንፋሽ ሁሉ አብሮ ወጣ። ሙንተሲርም በማስታጠቢያው ላይ ጎንበስ ብሎ አለቀሰ፤ ስለ ድንኳኑ ይሁን ስለ አያ ሽታው ማን ይለየዋል።

ከዚያ በኋላ «አምባሰል» የሙንተሲር መሆኗ ቀረ። ቅሬው ገባባት። ሴቶቹ ዘንቢላቸውን በመሪው ላይ አንጠለጠሉ። ሽማግሌዎቹ የሚደገፉባቸው የእንቁላል ካርቶኖች በጀርባቸው ልክ ጎደጎዱ። አንዱ ፋኖስ ለመስቀል ምስማር መታ። የሻይ ፔርሙዝ የቁልፎቹ ሰሌዳ ላይ ተቀምጦ ክብ ክብ ምልክት ጣለ። ከጓሮ የሚመጣው የማገዶ ጢስ ፎይሉን ከላይ አጠቆረው፤ ከታች ደግሞ እጅ የደረሰበት ሁሉ ወዛ። ዝናብ ሲመጣ ፎይሉ ሲሳብ የተቀደደው ቦታ አፈሰሰ፤ ጋሽ ዋለ ራሳቸው ወንበር ላይ ቆመው በጎማ ቁራጭና በሽቦ ጠገኑት። ሙንተሲር ሰሐን እያጠበ ይህን ሁሉ ያያል። እያንዳንዱ ምስማር ልቡ ላይ ነበር የሚመታው።

ማክሰኞ ምንይችል ደወለ።

«መንኮራኩሯ እንዴት ናት?»

«ሰው አለባት።»

«ተዋንያኑ ገቡ እንዴ? ማን ፈቀደ?»

«ለቀስተኛ ነው።»

«ማን ሞተ?» አለ ምንይችል።

ረቡዕ በሠልስቱ ምንይችል ለቅሶ ሊደርስ ከደሴ መጣ። አያ ሽታው ለእሱም አያ ነበሩ፤ በልጅነቱ ዋና ሲሞክር ከሐይቁ በጆሮው ስበው ያወጡት እሳቸው ናቸው። ገብቶ፣ «እግዜር ያጥናችሁ» ብሎ፣ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ሙንተሲር ንፍሮ ይዞለት ቀረበ። ምንይችል ዘገን አደረገና ወደ አፉ ሳያደርሰው ዓይኑ ጣሪያው ላይ ቀረ። ከጣሪያው ወደ ጋሽ ዋለ ጎማ ሄደ። ከጎማው ወደ ዘንቢሉ፣ ከዘንቢሉ ወደ ፔርሙዙ ክብ። ለቅሶ ቤት ነውና ስለ ሥራ አይወራም። ሙንተሲር ፊቱን ሊያነብ ንፍሮውን ደጋግሞ አዞረ፤ ምንይችል ንፍሮውን እያኘከ ግድግዳውን ብቻ ያያል። እንደ ወጉ በቂ ጊዜ ከተቀመጠ በኋላ ተነሳና በዓይኑ ጠቀሰው።

ከግቢው ውጭ ሙንተሲር ቀድሞ ተናገረ። «አውቃለሁ። ለአዲስ አበባው ደውልለት። እኔ ለቅሬው መልስ ልስጥ።»

«ውስጡን እንዳታጥቡት!» አለ ምንይችል፣ ክንዱን ጨብጦ።

«ምን?»

«አንድም ነገር እንዳትነኩ። ምስማሯን፣ ጎማዋን፣ ያችን ጥቁር ጢስ። ሙንቴ፣ ይህች መርከብ እኮ ከሩቅ ነው የመጣችው! ሰው ኖሮባታል። ስንት ዓመት የተጓዙ ሰዎች ናቸው እዚህ ውስጥ ያሉት። እኔ በወረቀት ላይ ስፈልገው የከረምኩትን…» ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ለቅሶ ቤት በር ላይ መሆኑ ትዝ ብሎት ነው። «ነገ ካሜራው ሲመጣ እንዲሁ ላግኛት።»

ሙንተሲር ዞሮ በበሩ አየ። ያ እሑድ ማታ የጎደለው ነገር እዚያው ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል።

ግን ድንኳን በሠልስት ማታ ይነሳል፤ ታጥቦ ዕቃ ቤት ይገባል። ጋሽ ዋለም ባልዲ አስመጥተው እጅጌያቸውን ሰብስበዋል። ሙንተሲር አንድ ቀን ይታገሡኝ ብሎ ሲለምናቸው ሊሰሙት አልፈለጉም።

«አንድ ቀን? ነገ ሌላ ቢሞትስ? እኔ የቅሬ ዳኛ ነኝ እንጂ የማርስ ዳኛ አይደለሁም!»

እትየ ስህን ከተቀመጡበት ሰሙ። «ዋለ» ብለው ጠሩ። «የለቅሶ ቤት ድንኳን በማን ቃል ነው የሚወርድ?»

ጋሽ ዋለ ባልዲውን አስቀመጡ። የቅሬውን ወግ ከማንም በላይ ያውቁታል። «በባለ ሐዘኑ ቃል።»

«ባለ ሐዘኗ ማን ናት?»

«እርስዎ ነዎት እትየ።»

«እኔ ደግሞ ገና አልወጣልኝም። እስከ ነገ ማታ አይነካብኝ።» ወደ ሙንተሲር ዞሩ። «አንተም የካሜራህን ሥራ ሥራ። ግን እንዲያው በባዶ አትሄዱም። ፊት ወንበር ብለኸዋል።»

ሐሙስ ካሜራው መጣ። መቅዲ በቅሬው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ መሪውን ጨበጠች፤ ማንም እልል አላለም። ከአጠገቧ፣ ፋኖስ በተሰቀለባት ምስማር ላይ፣ የአያ ሽታው መረብ ተንጠልጥሏል። ሙንተሲር ራሱ ነው የሰቀለው። ካሜራ የያዘው ሰው «ማርስ ላይ መረብ ምን ያደርጋል?» ብሎ ሊያወርደው ሲነሳ፣ ምንይችልም ሙንተሲርም እኩል «ተው!» አሉት። እትየ ስህን ከበሩ ሆነው ሲያዩ ዋሉ። ማታ ላይ፣ «አሁን አውርዱት» አሉ።

ድራማው በተላለፈ ጊዜ ተመልካቹ ስለዚያች መረብ ደጋግሞ ጠየቀ። ምንይችል በጣቢያው ቀርቦ፣ ፈገግ እንኳ ሳይል፣ የኮከብ ስባሪ ማጥመጃ ናት አለ። ስም ከታች ወደ ላይ ሲወጣ ሙንተሲር ቴሌቪዥኑ ፊት ተንበርክኮ ነበር። የሱ ስም ከምንይችል በታች ነበር፤ ብዙም አልከፋው። ረቢያ ግን «ምነው ቶሎ አለፈ!» ብላ ለጣቢያው ልትደውል ስትል ስልኳን ነጠቃት።

ከዚያ ወዲህ ሙንተሲር ብዙ ሠርቷል። የጠላት መንኮራኩር ሠርቷል፤ በአምባሰል ገደል ሥር የማርስ ከተማ ተክሏል። የአዲስ አበባው ባለሙያ አንዴ ደውሎ «ያ ጢሱ በምን ቀለም ነው የተሠራው?» ብሎ ጠይቆታል። አንድ ደንብ ግን አለው፦ አዲስ የሠራውን ሳያስኖርበት ለካሜራ አይሰጥም። የጠላት መንኮራኩር ለወር ያህል የባጃጅ ማጠቢያ ሆና ነው የከረመችው።

ድንኳኑስ? ኮላው አልለቀቀም፤ ብርማ ሆዱን እንደያዘ ቀረ። ቅሬው ተሰብስቦ ሙንተሲርን ዓመት ሙሉ ድንኳን ተካይ እንዲሆን ፈረደበት፤ ዓመቱ ካለፈ ቆይቷል፣ እሱ ግን እስካሁን ይተክላል። ታች ሰፈር ያሉ ሰዎች ለለቅሶ አውሱን ብለው ሲልኩ፣ ጋሽ ዋለ መጀመሪያ ኮራ ይላሉ። ጥሩንባ በተነፋ ማለዳ ግን የዕቃ ቤቱን በር ከፍተው፣ ወደ ሙንተሲር አጥር ዞረው የሚጣሩት ያው እሳቸው ናቸው፦

«ሙንተሲር! ተነስ! አምባሰልን እናውጣት፣ ሰው ሊሄድ ነው!»